ያዕቆብ ቤርኑሊ እና የወለድ ወለድ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና በአስኮ በኩል አልፎ ወደ ቡራዩ ይዘልቃል። በዚህ ጎዳና ግራና ቀኝ ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ውስጥ የሚሠራ አንድ ጫማ ሠሪ አለ እንበል። ቆዳ፣ ሶልና ማስቲሽ የሚገዛበት 1,000 ብር ቸገረው። ለባንክ የሚያስይዘው ንብረት ስላልነበረው ወደ አንድ አራጣ አበዳሪ ሄደ፤ አበዳሪውም በየወሩ ከመቶ አሥር ወለድ እንዲታሰብለት ተስማምቶ ገንዘቡን ሰጠው። ጫማ ሠሪው ገበያ ቀዝቅዞበት ዓመቱን ሙሉ አንዳች ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው ስንት ይደርሳል? ንባቡን ከመቀጠላችሁ በፊት እርሳስ አንሥታችሁ ሞክሩት።

ከእናንተ ብዙዎቹ የወሩን ወለድ 100 ብር በ12 አባዝተው፣ ዋናውን ገንዘብ ደምረው 2,200 ብር ነው ይሉ ይሆናል። ይህ ነጠላ ወለድ ይባላል። አበዳሪው ግን እንዲህ አይቈጥርም። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ያልተከፈለው 100 ብር ከዋናው ጋር ይደመርና የሁለተኛው ወር ወለድ በ1,100 ብር ላይ ይታሰባል። ስለዚህ ዕዳው በሁለተኛው ወር 1,210፣ በሦስተኛው 1,331 ብር እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ በአሥራ ሁለተኛው ወር መጨረሻ 3,138 ብር ከ43 ሳንቲም ይደርሳል። በሁለቱ አቈጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ጫማ ሠሪው መጀመሪያ ከተበደረው ገንዘብ ብዙም አያንስም። ወለዱ ራሱ ሌላ ወለድ ስለሚወልድ ይህ ሁለተኛው አቈጣጠር የወለድ ወለድ ተብሏል። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰዎች በብድር ውል የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ደግሞ አንድ እርምጃ ወደፊት ሂዱ። አበዳሪው ወለዱን በወር በወር ሳይሆን በሳምንት፣ በቀን፣ በሰዓት፣ ከዚያም በእያንዳንዷ ቅጽበት እየከፋፈለ ከዋናው ጋር ቢደምር ዕዳው ወሰን የለሽ ሆኖ ያድጋልን? ወይስ ከዚህ አታልፍም የሚለው አጥር አለ? ይህን ጥያቄ ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት አንሥቶ መልሱን ያገኘው ያዕቆብ ቤርኑሊ የተባለ የስዊስ ሊቅ ነው። ከዚህ በታች የምታነቡት የእርሱን ሕይወት ነው። ከአውሮፓ ታሪክ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቤርኑሊ ቤተሰብ ጥንተ መሠረቱ አንትወርፕ ነው። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን የስጳኝ ገዢዎች ፕሮቴስታንቶችን ሲያሳድዱ ቤተሰቡ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ የያዕቆብ አያትም በ1622 በባዝል ከተማ የዜግነት መብት አግኝቶ ተቀመጠ። ያዕቆብ በዚያች ከተማ በ1654 መጨረሻ ተወለደ፤ በአዲሱ የግሪጎርዮስ አቈጣጠር የልደቱ ቀን በ1655 ጥር መጀመሪያ ላይ ይውላል። አባቱ ኒቆላዎስ የቅመማ ቅመም ነጋዴና በከተማው አስተዳደር ውስጥ የተከበረ ሰው ነበር፤ እናቱ ማርጋሬታ ደግሞ ከባንክ ባለቤቶች ወገን ነበረች። እንግዲህ ሕፃኑ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚዛን፣ የዋጋና የብድር ነገር ሲወራ ሳይሰማ አላደገም ማለት ይቻላል።

አባቱ ለበኵር ልጁ የመረጠለት ሙያ ንግድ አልነበረም፤ ካህን እንዲሆን ነበር የፈለገው። ያዕቆብም ትእዛዙን ፈጸመ። በባዝል ዩኒቨርሲቲ በ1671 የፍልስፍና ማዕርጉን፣ በ1676 ደግሞ የሥነ መለኮት ማዕርጉን ተቀበለ። ነገር ግን ከሥነ መለኮቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን፣ አባቱ ሳይፈቅድለት፣ ሒሳብንና ሥነ ፈለክን ያጠና ነበር። መምህር አልነበረውም፤ የሚያበረታታው ወዳጅም ብዙ አልነበረም። በኋላ ለራሱ መለያ አድርጎ የመረጠው ቃል፣ አባቱ ሳይወድ እርሱ ከከዋክብት ጋር እንደሚውል የሚገልጽ ነበር። አንድ ልጅ የወላጁን ፈቃድ እያከበረ የራሱንም ዝንባሌ እንዴት ሊከተል እንደሚችል መፍትሔው ቀላል አይደለም፤ ያዕቆብ የመረጠው መንገድ የታዘዘውን ጨርሶ የወደደውን መጨመር ነበር።

በዚያው በ1676 ወደ ጀኔቭ ሄዶ የቤት ውስጥ መምህር ሆነ። እዚያ ካስተማራቸው መካከል ኤልሳቤጥ ቫልድኪርሽ የምትባል ዓይነ ስውር ልጃገረድ ነበረች፤ ቤርኑሊ መጻፍን አስተማራት። ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀ የብሬል ፊደል የተፈለሰፈው ከዚያ መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ቈይቶ መሆኑን ስታስታውሱ የመምህሩንም የተማሪዋንም ትዕግሥት ትገምታላችሁ።

ከጀኔቭ በኋላ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሆላንድና ወደ እንግሊዝ ተጓዘ፤ በእንግሊዝ አገር ከሮበርት ቦይልና ከሮበርት ሁክ ጋር ተገናኘ። በዚህ ዘመን ስለ ጅራታም ኮከቦች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ጅራታም ኮከቦች ሰዎች እንደሚፈሩት የመቅሠፍት ምልክት ሳይሆኑ በሕግ የሚጓዙ አካላት ናቸው ማለቱ መልካም ነበር፤ የሚዞሩት ግን በአንዲት በማትታይ ፕላኔት ዙሪያ ነው ብሎ የሰጠው ማብራሪያ ስሕተት ሆኖ ተገኘ።

ወደ ባዝል ከተመለሰ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የሹመት ቦታ አቀረበችለት። አልተቀበለም። በ1683 በዩኒቨርሲቲው ስለ አካላት እንቅስቃሴ ማስተማር ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዩዲት ስቱፓኑስን አግብቶ ሁለት ልጆች ወለዱ፤ በ1687 የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚህ ወንበር አልተነሣም። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከእርሱ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሚያንሰውን ወንድሙን ዮሐንስን ሒሳብ ያስተምረው ነበር። አባታቸው ዮሐንስን መጀመሪያ ነጋዴ፣ ያ ባይሳካ ሐኪም ሊያደርገው አስቦ ነበር። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ ሁለተኛው ልጅም እንደ መጀመሪያው ሒሳብን በጓሮ በር ገብቶ ተማረ።

ጀርመናዊው ላይብኒትስ በ1684 ካልኩለስ ስለ ተባለው አዲስ የሒሳብ ዘዴ ጥቂት ገጾች ያሉት ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ጽሑፉ እጅግ አጭርና ጨለማ ስለነበረ ከአውሮፓ ሊቃውንት የተረዱት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ያዕቆብ በ1687 ማብራሪያ ለመጠየቅ ለላይብኒትስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ላይብኒትስ በጉዞ ላይ ስለነበረ መልሱ የደረሰው በ1690 ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን መልሱን ቍጭ ብለው አልጠበቁም። ገጹን እየደጋገሙ፣ እየተከራከሩ፣ ራሳቸው ፈቱት።

የወለዱም ጥያቄ ለኅትመት የበቃው በዚያው በ1690፣ በላይፕሲግ ከተማ በሚወጣ የሊቃውንት መጽሔት ላይ ነው። ነገሩን ለማቅለል ቤርኑሊ እንዳደረገው አንድ ብር ውሰዱ፤ ወለዱም በዓመት ከመቶ መቶ ይሁን። ወለዱ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ቢታሰብ ብሩ 2 ብር ይሆናል። ዓመቱን ለሁለት ከፍላችሁ በየመንፈቁ ኀምሳ ኀምሳ ከመቶ ብታስቡ 2.25 ይሆናል። በየሦስት ወሩ ሲሆን 2.44፣ በየወሩ 2.61፣ በየቀኑ 2.7146 ገደማ ይደርሳል። ልብ በሉ፤ ከዓመት ወደ መንፈቅ ሲወረድ የተጨመረው 25 ሳንቲም ነው፤ ከወር ወደ ቀን ሲወረድ ግን፣ ክፍፍሉ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ቢበዛም፣ የተገኘው ጭማሪ 10 ሳንቲም ብቻ ነው። በየሰዓቱ ብታስቡት ደግሞ ከግማሽ ሳንቲም በታች ይጨምራል። አበዳሪው ስስቱን ባበዛ ቍጥር ትርፉ እየቀጠነ ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ ማንም ታታሪ ጸሓፊ ሊደርስ ይችል ነበር። የቤርኑሊ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጭማሪው እየቀጠነ መሄዱ ብቻ አጥር እንዳለ አያረጋግጥም፤ እየቀጠኑ የሚሄዱ ቍጥሮች ተደምረው ወሰን የሌለው ድምር የሚሰጡበት ጊዜ አለና። ለምሳሌ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ፣ አንድ አምስተኛ እያላችሁ ያለ ማቋረጥ ብትደምሩ፣ ዝግ ይበል እንጂ፣ ድምሩ የፈለጋችሁትን ቍጥር ሁሉ ያልፋል። ስለዚህ ቤርኑሊ ወለዱ በየቅጽበቱ ሲታሰብ የሚገኘውን ገንዘብ ወደ ቍራጮች ድምር ለወጠው፤ አንድ፣ አንድ፣ ግማሽ፣ አንድ ስድስተኛ፣ አንድ ሃያ አራተኛ እያለ የሚቀጥል ድምር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ሁለት ተኩል ስለሚሆኑ መልሱ ከዚያ ይበልጣል። ከግማሽ በኋላ ያሉት ቍራጮች ደግሞ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ አንድ አሥራ ስድስተኛ እያሉ በግማሽ በግማሽ ከሚቀንሱ ቍራጮች ሁሉ ያንሳሉ፤ እነዚህ በግማሽ የሚቀንሱት ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጋር ቢደመሩ ድምሩ ከሦስት አያልፍም። እንግዲህ አንዲቱ ብር ከሁለት ተኩል በላይ፣ ከሦስት በታች ትሆናለች፤ ክፍፍሉ የቱንም ያህል ቢደቅ ሦስት ብር አትሞላም። አጥሩ ተገኘ።

ዛሬ ይህ ቍጥር 2.71828 እያለ ማለቂያ ሳይኖረው እንደሚቀጥል እናውቃለን። በባዝል የተወለደው ሌዎናርድ ኦይለር በኋላ የራሱን ፊደል ሰጥቶት በመላው ዓለም በዚያ ፊደል ይጠራል። የኦይለር አባት ጳውሎስ በተማሪነቱ ዘመን በያዕቆብ ቤርኑሊ ቤት ይኖር ነበር፤ ኦይለርን ራሱን ያስተማረው ደግሞ ዮሐንስ ቤርኑሊ ነው። የሕዝብ ቍጥር ሲያድግ፣ የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ፣ መድኃኒት ከደም ውስጥ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ይህ ከአራጣ ጥያቄ የተወለደ ቍጥር በስሌቱ ውስጥ ይገኛል።

የወንድማማቾቹ ነገር እንደ አጀማመሩ አልቀረም። ታናሹ ሲበስል ከታላቁ ጋር እኩል መሆን አማረው፤ ታላቁ ደግሞ ተማሪው መሆኑን አልረሳለትም። ዮሐንስ በ1695 ወደ ሆላንድ ሄዶ በግሮኒንገን ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ የሚነጋገሩት በመጽሔት ላይ ነበር፤ ንግግሩም ስድብ አላጣውም። ያዕቆብ በ1697 አንድ ከባድ ጥያቄ በአደባባይ አቅርቦ ለሚፈታው ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ጥያቄው በተለይ ለማን እንደ ተጻፈ ማንም አልተሳሳተም። ዮሐንስ ፈታሁት አለ፤ መፍትሔው ግን ጐደሎ ነበር፤ ታላቁም ጕድለቱን ለዓለም ከመግለጽ አልተመለሰም። የሒሳብ ትምህርት ከዚህ ጠብ ብዙ ተጠቀመ፤ ወንድማማችነቱ ግን አልተጠገነም። ያዕቆብ ነሐሴ 16 ቀን 1705 በአምሳ ዓመቱ ሲሞት ዮሐንስ ወደ ባዝል በመመለስ ላይ ነበር፤ እንደ ደረሰም የወንድሙን ወንበር ወረሰ።

ያዕቆብ ከመሞቱ በፊት በመቃብሩ ላይ አንድ ጠመዝማዛ መስመር እንዲቀረጽለት ተመኝቶ ነበር። ይህ መስመር ከመካከል ተነሥቶ እየዞረ ሲወጣ በእያንዳንዱ ዙር ከመካከሉ ያለው ርቀት በአንድ ዓይነት ቍጥር ይባዛል፤ ማለትም እንደ ወለድ ወለድ ያድጋል። ቢያሳድጉት፣ ቢያሳንሱት ቅርጹ ያው ስለሆነ ቤርኑሊ እጅግ ወደደው፤ ከሥሩም ይህችው መስመር ብትለወጥም ያው ሆና እንደምትነሣ የሚገልጽ ቃል እንዲጻፍ ፈለገ። ድንጋይ ጠራቢው ቃሉን ጻፈ። መስመሩን ግን ሳተው፤ በየዙሩ እኩል ርቀት ብቻ የሚጨምረውን ሌላውን ጠመዝማዛ ቀረጸ። በባዝል ካቴድራል የሚገኘውን ያን ድንጋይ የሚያይ የሒሳብ ሰው፣ የወለድ ወለድን ሊቅ በነጠላ ወለድ ምልክት ሥር ተቀብሮ ያገኘዋል።

ቤርኑሊ ሲሞት ያልጨረሰው አንድ መጽሐፍ ነበረው። የወንድሙ ልጅ ኒቆላዎስ በ1713 አሳተመው፤ ስሙም የግምት ጥበብ ማለት ነው። መጽሐፉ በይበልጥ የታወቀበት ክፍል፣ አንድ ሙከራ በተደጋገመ ቍጥር የሚታየው ውጤት ወደ እውነተኛው ዕድል መጠን እየተጠጋ እንደሚሄድ የሚያረጋግጠው ነው፤ የመድን ድርጅቶች የሚቆሙት በዚህ ላይ ነው። ለዛሬው ጕዳያችን የሚጠቅመን ግን ሌላው ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ቤርኑሊ ተከታታይ ቍጥሮችን በተደጋጋሚ በራሳቸው አባዝቶ በአንድ ጊዜ የሚደምርበት ቀመር አገኘ፤ በቀመሩ ውስጥ የሚገቡት ልዩ ቍጥሮች እስከ ዛሬ የቤርኑሊ ቍጥሮች ይባላሉ። በዚህ ዘዴ ከ1 እስከ 1,000 ያሉትን ቍጥሮች እያንዳንዱን አሥር ጊዜ በራሱ ካባዛ በኋላ ድምራቸውን ከስምንት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በእጁ አስልቶ እንዳገኘ መዝግቧል። መልሱ 32 አኃዞች አሉት።

መቶ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር ቻርልስ ባቤጅ የተባለ ሰው በጥርስ ጎማዎች የሚሠራ የማስያ መኪና ነደፈ። መኪናው ተሠርቶ አላለቀም። ቢሆንም አዳ ላቭሌስ የተባለች ሴት በ1843 ስለ መኪናው በጻፈችው ማብራሪያ ውስጥ፣ መኪናው እንዲያሰላ ከተራ ቍጥር አንድ ጀምሮ የሚሰጠውን ትእዛዝ በሰንጠረዥ ዘርዝራ አሳየች። ምሳሌ እንዲሆናት የመረጠችው የቤርኑሊን ቍጥሮች ነበር። ብዙዎች የመጀመሪያው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህ ነው ይላሉ።

እናንተም ዛሬ በአስኮ ተቀምጣችሁ፣ በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ወይም በእጅ ስልክ፣ የወለድ ወለድ የሚያሰላ ፕሮግራም ልትጽፉ ትችላላችሁ። የብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ለቍጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ በዓመት ከመቶ 7 አድርጎ ነበር፤ በዚህ ልክ 1,000 ብር ለአሥር ዓመት ተቀመጠ እንበል። ለመኪናው ሦስት ሣጥኖች ስጡት፤ በአንዱ ገንዘቡን፣ በሁለተኛው የወለዱን መጠን፣ በሦስተኛው የቀሩትን ዓመታት አኑሩ። ከዚያም እዘዙት፤ በገንዘቡ ሣጥን ያለውን በወለዱ መጠን አባዛ፤ ያገኘኸውን መልሰህ ወደ ገንዘቡ ሣጥን ጨምር፤ ከዓመታቱ ሣጥን አንድ ቀንስ፤ ዓመት ከቀረ ወደ መጀመሪያው ትእዛዝ ተመለስ፤ ካልቀረ የገንዘቡን ሣጥን አሳይ። መልሱ 1,967 ብር ከ15 ሳንቲም ይሆናል።

በዚህ ላይ ተማሪዎች ሁሉ የሚወድቁበት አንድ ጕድጓድ አለ። በየዓመቱ ወለዱን ከገንዘቡ ሣጥን ሳይሆን ከመጀመሪያው 1,000 ብር እንዲያሰላ ብታዙት፣ መኪናው ቅር ሳይለው 1,700 ብር ይላል። ትእዛዙን እንጂ አሳባችሁን አያይም፤ ልክ እንደ ድንጋይ ጠራቢው ሌላ ጠመዝማዛ ቀርጾ ያስረክባችኋል። ስለዚህ የሁለት ዓመቱን ስሌት አስቀድማችሁ በእጃችሁ ሥሩት፤ 1,144 ብር ከ90 ሳንቲም ነው፤ ፕሮግራሙ ይህን ካልሰጠ እስከ አሥረኛው ዓመት መሄዱ ዋጋ የለውም።

ይህን ከጨረሳችሁ የቤርኑሊን ጥያቄ ራሱን ስጡት። አንድ ብር፣ በዓመት ከመቶ መቶ፣ ዓመቱ ለብዙ የተከፈለ። በአንድ ሺህ ክፍል 2.7169፣ በአንድ ሚሊዮን 2.71828 ይመልስላችኋል። አሁን ክፍሉን አሥር ሺህ ትሪሊዮን አድርጉት፤ ማባዛቱን አንድ በአንድ ቢደግም ዓመታት ስለሚወስድ በርቢ ትእዛዝ እዘዙት። አብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች በተለመደው አሠራራቸው የሚሰጡት መልስ 1 ነው። ወለድ ጨርሶ እንዳልታሰበ ያህል አንዲቱ ብር ምንም ሳትወልድ ትቀራለች።

ምክንያቱ ይህ ነው። መኪናው አንድን ቍጥር የሚይዘው አሥራ ስድስት በሚያህሉ አኃዞች ነው። የእያንዳንዱ ክፍል ወለድ እጅግ ከመድቀቁ የተነሣ ከአንድ ጋር ሲደመር ከመጨረሻው አኃዝ ያልፍና ይጠፋል፤ የቀረው ንጹሕ አንድ ስለሆነ በራሱ የቱንም ያህል ጊዜ ቢባዛ አንድ ነው። መኪናው ስሕተት መሥራቱን የሚገልጽ ምልክት አያሳይም። በ1690 የታተመውን ያን ጽሑፍ የሚያውቅ ተማሪ ግን መልሱን ገና ሲያየው ይጥለዋል፤ ከሁለት ተኩል ማነስ እንደማይችል በሦስት ቍራጮች ድምር ተረጋግጧልና።